በካኪ ክር የተሰፋ ታይት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ግን ተመንጥራ አታውቅም፤ ሳትጠረጥር የዋለችበት ቀን የለማ። ነጋዴው ጨርቅ ለክቶ ሲሰጣት ቤቷ ወስዳ ደግማ ትለካዋለች። ጎረቤት «እንዴት አደርሽ» ካላት «ምን ሰምቶ ይሆን?» ትላለች። በዚያ ላይ ዐይኗ ሜትር ነው፤ ሰው በበሯ ሲያልፍ ትከሻውንና ወገቡን ለክታ ትሸኘዋለች። ምላሷ ደግሞ መርፌ ነው። ባሏ የዕቃ መኪና ሾፌር ነው፤ አንድ ጊዜ ለጤናዬ ብሎ ብስክሌት ገዛና ገና ደጃፏ ላይ ወደቀ። «ጎማው» አለችው። ይኸው ብስክሌቱ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ፣ ሰፈሩ በሙሉ፣ አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ሲቀር፣ ጎማው ይለዋል።

ይህ ጎማው ሰሞኑን ጠባዩ ተለወጠ። ቅዳሜ ከሰዓት «ጭነት አለብኝ» ብሎ ይወጣል፤ የጭነት መኪናው ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል። ውሸት ድሮም አይሆንለትም። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ፊቱ ግን ፈክቶ ነው። ራት ላይ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይቀመጣል። እንዲህ ቀጥ ብሎ ያየችው ለሠርጋቸው ፎቶ ሲነሣ ነበር፤ ያኔም ፎቶ አንሺው ተቆጥቶት ነው።

ነገሩን በሆዷ ይዛ ቤት መጥረግ ጀመረች። ማንም የማይጠርገውን ሁሉ ጠረገችና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አገኘች። ውስጧ ጥቁር ታይት አለ። ከታይቱ ሥር ደግሞ ለስላሳ የቆዳ ጫማ፣ ተረከዝ የሌለው፣ አፉ በላስቲክ ተሰብስቦ እንደ ኪስ ቦርሳ የተጣጠፈ።

ዕድሜዋን ሙሉ የሰፋችው የተማሪ ዩኒፎርምና የሠራተኛ ቱታ ነው። ሲስቡት እሺ የሚል ጨርቅ እሷ ዘንድ ጨርቅ አይደለም፣ ለነጋዴው የሚመለስ ዕቃ ነው። ስለዚህ ታይቱን መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋች፣ በመዳፏ አስተካከለች፣ እንደ ደንቡ ሳትስብ ለካች። ወገቡን ለካች፣ ጭኑን ለካች፣ ጫማውንም እንደተጣጠፈ ለካች። ከዚያ ቁጭ አለች።

ሴትዮዋ በሜትሩ ላይ ቁልጭ ብላ ታየቻት። ወገቧ የመርፌ ቀዳዳ ነው። ጭን የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም። እግሯ የሕፃን ነው። ወልዳ አታውቅም፤ ራት መብላቷም ያጠራጥራል።

ልታጥፈው ስታነሣ መቀመጫው ላይ ስፌት አየች። ተተርትሮ በእጅ ተሰፍቷል፤ አሰፋፉ የጆንያ ነው። ክሩ ካኪ ነው። የራሷ የካኪ ክር። ያ ሰው አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን መርፌሽ ላይ ክር ላስገባልሽ ብሏት አያውቅም።

ከጎኗ የምትሠራው ፀጉር ሠሪ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስማር የዋጠች መስላ ብታያት፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ምነው? ማን ሞተ?»

«ገና ነው።»

ነገሩን በአጭሩ አወራቻት። ፀጉር ሠሪዋ ደረቷን ያዘች፤ ደስ ብሏታል።

«ጎማው? የኛ ጎማው? ቆይ እስኪ፣ ማን ብላ ነው እሱን…»

«ምን ለማለት ነው? ባሌ ምን ይጎድለዋል?»

«አይ፣ እኔማ ምን አልኩ። መልኳን ታውቂያለሽ?»

«መልኳን አላውቅም፤ ልኳን ግን አውቃለሁ። ሺህ ሴት መሀል ብታቆሚያት አወጣታለሁ።»

«ይቅር በያት እትዬ። ወንድ ነው፣ ይመለሳል።»

«ባሌንስ ወሰደች እንበል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ክሬ ምን አደረጋት?»

ያን ሰሞን ሰፈሩን ለካችው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቀጭን የተባለችውን ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ለካች። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ወገቧ ደረሰ፣ ጭኗ ግን ተረፈ፤ በነፃ ተለቀቀች።

ቅዳሜ ጎማው «ጭነት አለብኝ» ብሎ ያችን ትንሽ ቦርሳ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ልብስ ሰፊዋም የመብራት እንጨት በመብራት እንጨት እየተከለለች ተከተለችው። የመለዋወጫ ሱቆቹን አልፎ አንድ ፎቅ ገባ። ደረጃው ላይ ሙዚቃ ይሰማል፤ ዘፋኝ የሌለው፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ የሌለው ሙዚቃ። በሩ ላይ «የዳንስ ትምህርት ቤት፤ ባሌት ለጀማሪ አዋቂዎች» ይላል። ለጀማሪ አዋቂዎች። ነውሩን ጽፈው ይሰቅሉታል ደግሞ።

ከውስጥ አንዲት ሴት በሩን ከፈተች። ልብስ ሰፊዋ አየቻትና እጇ ሜትሯን ፍለጋ ወደ አንገቷ ሄደ። ወገቡ ያ የለካችው ነው። ጭኑ እሱ ነው። እግሩም እሱው ነው።

«አዲስ ነሽ? ጫማሽን አውልቂና ግቢ፤ ጀምረናል» አለች ሴትዮዋ።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ አስተማሪዋ እኔ ነኝ» አለችና፣ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ውስጥ ዞራ ተጣራች፦ «ሾፌር፣ ጉልበት። ጉልበቱ ይዘርጋ። እግሩን እኔ ሳልል እንዳታወርድ።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን አሰገገች። ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የእንጨት መደገፊያ ይዘው ሰዎች ተሰልፈዋል፦ ሁለት ነርሶች፣ አንድ ጡረተኛ፣ ጥቂት ኮረዶች። መጨረሻ ላይ ባሏ። ያ ጥቁር ታይት እሱ ላይ ነው። ወገቡ እንዴት እንደተለጠጠ፣ ያ የሕፃን ጫማ ያን መርከብ እግር እንዴት እንደዋጠው እግዜር ይወቅ። አንድ እግሩን ወደ ኋላ አንሥቷል፤ መቀመጫው ላይ የካኪው ስፌት ጥርሱን ገጥጧል።

«ያን ትልቅ መስታወት ያመጣልን እሱ ነው» አለች አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሠራተኞቹ እስኪገጥሙት ደግፎ ቆሞ ትምህርቱን አየ። በሳምንቱ ያለ ዕቃ መጣ። ጀርባዬን ያመኛል አለ። ጀርባው ከተሻለው ቆይቷል፤ እሱ ግን አልቀረም።»

በዚያው መስታወት ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። ጎማው ደነገጠ፤ እግሩን ግን አላወረደም፣ አልተባለማ። ላቡ በአፍንጫው እየወረደ አያት። ምን እንደሚጠብቅ ገባት። ከሴት ጋር ስለያዘችው አይደለም የደነገጠው። ስሙን እየጠበቀ ነው። አንድ ቃል ብትጥል ነገ ጠዋት ሰፈሩ በዚያ ቃል ይጠራዋል፤ ብስክሌቱ እንደተሸጠ ይህች ቦርሳም ትጣላለች፣ ጀርባውም እንደ ድሮው ይጎብጣል።

ስሙ ደግሞ መጥቶላታል። እንዲህ ያለ ስም በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ጎማውን የሚያስረሳ ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዋጠችውና ደረጃውን ወረደች።

ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛ አስቀምጣ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ደጅ ላይ ትጠብቃታለች።

«አገኘሻት?»

«የለችም።»

«ልኳስ?»

«ሜትሬ ተሳስቶ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ዐይኗን አጠበበች። ይህን ቃል ከዚህች ሴት አፍ ሰምታ አታውቅም። «እትዬ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ።»

«ደንበኛሽ ጭንቅላቷ ደረቀ፤ ሂጂ።»

ጎማው ሲመጣ ጓዳ ጓዳውን ነው የገባው። ራት ቀረበ። ጀርባውን ላቅናው አላቅናው ሲል ቆይቶ ተወው።

«ለማን ነገርሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ለማንም።»

«ለፀጉር ሠሪዋም?»

«ብላ፤ ይቀዘቅዛል።»

አላመናትም። ያን ሳምንት በሰፈሩ ሲያልፍ ጆሮውን ቀስሮ ነው፤ ሰው ሳቅ ካለ ቆሞ ያጣራል። ሁሉም ጎማው ነው የሚሉት። ይህም ይበልጥ አጠራጠረው።

ቅዳሜ ቦርሳዋን ሲከፍት የካኪው ክር የለም። መቀመጫው ላይ የሚለጠጥ ጥቁር ጨርቅ ተጨምሮ፣ በጥቁር ክር፣ ከውጭ በማይታይ ስፌት ተሰፍቷል። ታይቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። ገለበጠው። ሳበው። የሆነ ቦታ ተንኮል መኖር አለበት ብሎ ስፌቱን በጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ቀና ሳትል፣ ታየዋለች።

«አትፈትሸው» አለችው። «ስፌት ነው።»

ቦርሳዋን አነገተ፤ ዛሬ በብብቱ አልሸጎጣትም። በሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ዛሬም ትከተይኛለሽ?»

«ከጠረጠርኩህ።»

የቦርሳዋን ማንገቻ ሳብ አደረገ።

«ጭነት አለብኝ» አለና ወጣ።