ጃርቴ መዝገብ ላይ የገባ ዕለት

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው ዋርሳዬን አያውቀውም። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ደብተር የገዛሁለት፣ የተማሪ ልብሱን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ ረግረጉ ዳር ባለው የአራዊት መመልከቻ ቤት ቆጣሪ ሆኗል፤ የታየውን እንስሳ ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። እኔ እዚያው ወለል እጠርጋለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ። ባሌ በር ይጠብቃል።

ከቤቱ ጀርባ ድንች እተክላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ድንቼን ጃርት በላብኝ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋርሳዬ «እዚህ አካባቢ ጃርት የለም፤ መዝገቡ ላይ የለማ!» ይለኛል። እሾሁን ለቅሜ ባመጣለት «ይሄ የጥንት ነው» ብሎ ወረቀት መውጊያ አደረገው። አንዴማ «እትዬ፣ ራስሽ ቆፍረሽ በልተሽ ረስተሽው እንዳይሆን» አለኝ። ባሌ ሳቀ። ድንቹንስ ሆድ ይፍጀው፤ ያ ሳቅ ነው እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ዕቃ ተላከለት። በአንድ ዓይን የሚያዩበት፣ በእጅ የሚያዝ መነጽር ነው። ብርሃን አይፈልግም፤ የሚያየው ሙቀት ነው። ትኩስ ገላ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ቀዝቃዛው ይጠቁራል። ባሌን ደጅ አቁሜ አየሁበት። መላጣው እንደ አምፖል ቦግ አለ፤ አፍንጫው ግን ከሰል።

«በዚህማ ጃርቴ አያመልጥም» አልኩ።

«ካለ ነዋ፣ እትዬ።»

ፀሐይ እንደገባች ዋርሳዬ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠ። ብርድ ሲፈራ ለጉድ ነው። መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ መነጽሩን በመስታወቱ በኩል ወደ ድንቼ ደገነ። እኔና ባሌ በሩ ጋ ቆመን ስንጠብቅ፣ ትንሽ ቆይቶ ክው አለ።

«ዝም በሉ! አንድ ነገር አለ!»

«ጃርቴ ነው?»

«የምን ጃርት! ትልቅ ነው። ከወገቡ በላይ ይታየኛል። ፊቱ ነጭ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው። አንድ እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ… ኧረ አፍጥጦ እያየኝ ነው!»

ባሌ ዱላውን አነሳ። አንስቶም ከእኔ ጀርባ ቆመ።

ዋርሳዬ መዝገቡን ገልጦ «ስሙ ያልታወቀ ትልቅ አውሬ፣ አንድ፣ አንገቱ ጥቁር» ብሎ ጻፈ። ስምንት ዓመት ለጃርቴ የጠፋ መስመር ለዚህ በአንድ ደቂቃ ተገኘ።

ያንን መስታወት ግን በየቀኑ የምወለውለው እኔ ነኝ። ሲወለወል ምን እንደሚያሳይ አውቃለሁ፤ የወልዋዩን ፊት ነው።

«እስቲ መነጽሩን ሳታወርድ ግራ እጅህን አንሳ» አልኩት።

«ለምን?»

«አንሳ ስልህ!»

አነሳ። «እንዴ! እሱም አነሳ!»

«አሁን ሻርፕህን ፍታ።»

ፈታ።

«ቀለበቱስ?» አለ ባሌ ከጀርባዬ።

«የለም» አለ ዋርሳዬ፣ ቀስ ብሎ።

ባሌ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይህኛውን ሳቅ ወደድኩለት።

ሙቀቱን የመለሰው መስታወቱ ነውና፣ ሄጄ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። «ብርድ!» አለ ዋርሳዬ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መነጽሩን ተቀበልኩት። መሬቱ ጥቁር ነው። ከድንቼ መሐል ግን አንድ ነጭ ፊት ብቅ አለ፤ እግሩም ነጭ፣ ጀርባው እሾህ ስለሆነ ጠቆር ያለ። አጎንብሶ ያኝካል፣ ደግሞ ያለ ሐሳብ! ከኋላው ሁለት ትናንሾች።

መነጽሩን ለዋርሳዬ መልሼ ሰጠሁት። ደጋግሞ አየ።

«ጃርት ነው» አለ በመጨረሻ። «ከነልጆቹ።»

«የጥንት ነው ወይስ የዛሬ?»

ሹክክ ብሎ የመዝገቡን ገጽ ሊቀድ ሲል እጁን ያዝኩት።

«መዝገብ አይቀደድም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

እስክሪብቶውን ነጠቅኩት። የተማርኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ቢሆንም ይነበባል። ከአውሬው መስመር ሥር «ጃርት፣ ሦስት፣ ስምንት ዓመት የኖረ» ብዬ ጻፍኩ። «ተመልካች» በሚለው ቦታ «ወለል ጠራጊዋ» አልኩ።

ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ «ስሙ ያልታወቀ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩና፣ አጠገቡ በትልልቁ «ዋርሳዬ ነው» ብዬ ጻፍኩበት።