የአውራ ዶሮው ሴናተር

ወንድሜ ሉሽየስ ፔንሃሎው በዋና ከተማው በኮሎምበስ፣ በኦሃዮ ግዛት ሴኔት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ተቀምጧል የምለው ሌላ የሠራውን ነገር ስለማላውቅ ነው። እኔ ታላቅ እህቱ ሄስተር ነኝ። ባል አላገባሁም፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የማስተዳድርለት፣ እንግዶቹን የማበላለት፣ ስለ ራሱ ሲያወራ የማዳምጠው እኔ ነበርኩ። ድምፅ መስጠት ግን አልችልም ነበር። በኛ ግዛት ለዚያ የሚያበቃው ጢም ነው።

የከተማችን የዌልተን ወንዶች ሉሽየስን የሚመርጡት ወደውት አልነበረም። በምርጫ ወረቀቱ አናት ላይ የየፓርቲው ምልክት አለ፤ የኛ ንስር፣ የነዚያ አውራ ዶሮ። ከምልክቱ ሥር አንዴ የጫረ ሰው ከአገረ ገዢው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሹም ድረስ ያሉትን የዚያን ፓርቲ ሰዎች በሙሉ መረጠ ማለት ነው። ስም ማንበብ የለ፣ ማሰብ የለ። ከተማው ሁሉ አባቱ የጫረበት ንስር ሥር ይጭርና ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል። ወንድሜ ግን ይህን ሁሉ ንግግሩ ያመጣለት ይመስለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 የበጋው ወራት ላይ ገስ ራይንሆልት በጓሮ በር ገባ። ገስ የመጠጥ ቤት ባለቤትና በአውራጃችን የአውራ ዶሮው ፓርቲ አለቃ ነው። በአደባባይ ከወንድሜ ጋር ይሰዳደባሉ፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ግን የፖም ኬኬን አብረው ይበላሉ።

«ሴናተር፣ የሚሸነፍልኝ ሰው አጣሁ እኮ» አለ አፉን እየጠረገ። «ብቻዎን ቢወዳደሩ ደግሞ አያምርብዎትም።»

«ስፕራግን አቅርበዋ» አለ ወንድሜ።

«ኢኖክን? ያንን ለፍላፊ?»

«አዎ፣ እሱን። ሕዝቡም ትንሽ ይሳቅ።»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ኢኖክ ስፕራግ በየእርሻው እየዞረ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው። የራሱን ጎተራ መብረቅ አቃጥሎበታል። ይህን ሲነግሩት «ያ ሌላ ዓይነት መብረቅ ነው» ይል ነበር። ዕጩ ሲያደርጉት የደስ ደስ ጠጥቶ ከሠረገላው ላይ ወደቀ። በምርጫው ዘመቻ ወቅት የተናገረውን አንድም ሰው አያስታውስም፤ እሱ ራሱም ጭምር። ሉሽየስ ደግሞ የሙዚቃ ጓድ ቀጥሮ ከአደባባዩ መድረክ ላይ እየወጣ ስለ አባቶቻችን ደም ሲናገር ከረመ። የየትኛው አባታችን ደም እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም፤ የኛ አባት የሞተው አልጋው ላይ ነው፣ ከመጠን በላይ በልቶ።

ያን ዓመት ሥጋ ተወደደ። ወንዶቹ በየቤታቸው ሚስቶቻቸው ባዶ ሰሃን ሲያቀርቡላቸው ጥፋቱን ንስሩ ላይ ጣሉት። አደባባይ ላይ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ወንድሜን በመንገድ ሲያገኙት ባርኔጣ ያነሱለታል፣ «ዘንድሮም የርስዎ ነው ሴናተር» ይሉታል፣ ሲጋራውን ይቀበሉታል። ከዚያ በምርጫው ዕለት ድምፅ ከሚሰጥበት መጋረጃ ውስጥ ገብተው ዶሮው ሥር ጫሩ።

በምርጫው ማግስት እኩለ ቀን ላይ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሉሽየስ ውጤቱ እስኪመጣ እንኳ አልታገሠም። በሬ አስጠብሷል፣ የሙዚቃው ጓድ ሣሩ ላይ ተሰልፏል፣ እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ «ይህ ድል የኔ ሳይሆን የናንተ ነው» እያለ ነበር። ገስ ራይንሆልት በፊት ለፊት በር ሲገባ አየሁት። ከዚያ በፊት በዚያ በር ገብቶ አያውቅም። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሴናተር...» አለ ባርኔጣውን እያሻሸ። «በጣም ይቅርታ። አሸንፈናል።»

«ማን ነው ያሸነፈው?»

«እኛ። ማለቴ፣ ኢኖክ። መላው ግዛቱ ዶሮ ዶሮ ብሏል። እኔ በእግዜር ስም ምንም አላደረግኩም!»

«በስንት በለጠኝ?»

«ባይሰሙት ይሻላል።»

እንግዶቹ ወንድሜን አላዩትም፤ ያዩት በሬውን ነበር። እጅግ ያዘኑ መስለው ቀስ እያሉ ቀረቡ፣ ቆርጠው በሉ፣ አጥንቱን ጋጡ። ጣታቸውን ከላሱ በኋላ አንድ በአንድ ወጡና ወደ ኢኖክ ቤት አመሩ። የሙዚቃው ጓድም ተከተላቸው፤ እኛ የቀጠርነው ጓድ!

«ሄስተር፣ ባርኔጣዬን» አለ ሉሽየስ። «ሄጄ ወንበሩን እንዲተው አደርገዋለሁ። ሰውዬው ሞኝ እንጂ ክፉ አይደለም።»

አብሬው ሄድኩ። ለማጽናናት እንዳይመስላችሁ፤ የሚሆነውን ለማየት ፈልጌ ነው።

ኢኖክ በአንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ ይዞ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ወንድሜን ሲያይ ብድግ አለ።

«ሴናተር፣ ይሙቱ ስልዎት፣ እኔ ራሴ የመረጥኩት እርስዎን ነው! ንስሩ ሥር ነው የጫርኩት!»

«አውቃለሁ ሚስተር ስፕራግ» አለ ሉሽየስ። «እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት። ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባዎታል። ሕመም አለብኝ ብለው አንዲት ቃል ቢናገሩ...»

የኢኖክ ካልሲ ከእጁ ወደቀ። ሃያ ዓመት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ወንድሜ «አንተ»ን እንኳ የሚለው ሲያስፈልገው ብቻ ነበር፣ አለዚያ በፉጨት ነው የሚጠራው።

«ምን አሉኝ?»

«እርስዎ ቢናገሩ...»

ውጭ ሙዚቃው ጀመረ። ኢኖክ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ለኔ ነው የመጡት?»

«ተሳስተው ነው» አለ ወንድሜ።

«ተሳስተውም ቢሆን መጥተዋል» አለ ኢኖክ። ትንሽ ቆሞ አያቸው። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና ሲያደርግ በዓይኔ አየሁ። ዞሮ ወንድሜን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው። «ሉሽየስ፣ እስቲ ቁጭ በል። ኮሎምበስ ላይ ሴናተር የሚያርፈው የት ነው? ደህናው ሆቴል የቱ ነው?»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢያንስ በሩን በኃይል ዘግቶ ይወጣል አልኩ። ወንድሜ ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሆቴሉን ስም ነገረው። ቀጥሎም የትኛው ክፍል ፀሐይ እንደሚገባው ነገረው።

በጥር ወር ሁለቱም በአንድ ባቡር ሄዱ። ሉሽየስ የክቡር ሴናተር ስፕራግ ጸሐፊ ሆነ። ያለ ኮሎምበስ መኖር አልቻለም ነበርና፣ ኢኖክም ያለ እሱ ሴኔቱ ውስጥ አፉን መክፈት አይችልም ነበር። የባቡር ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ሕግ ሲመጣ ኢኖክ እጁን ያነሣል፤ ልክ ወንድሜ ያነሣ እንደነበረው። የዌልተን ሰው ልዩነቱን አላወቀም። «ዘንድሮም የርስዎ ነው ሴናተር» ይሉታል።

እኔ ከዚያ ቤት ወጥቼ ከባርኔጣ ሰፊዋ ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ለልጃገረዶች ፒያኖ እያስተማርኩ ራሴን ቻልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴቶች ድምፅ ይስጡ አይስጡ የሚለው ጥያቄ ለግዛቱ ወንዶች ቀረበ። ኢኖክ መድረክ ላይ ወጥቶ ሴት ዕጩን ከዕጩ መርምራ የመለየት ተፈጥሮ የላትም አለ። ቃሉ በሙሉ የወንድሜ ነበር፤ አረፍተ ነገር የሚያንዛዛበትን መንገድ አውቀዋለሁ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጥያቄውንም ጣሉት።

በዚያ ሰሞን አንድ እሁድ ከሰዓት ሉሽየስ ደረጃዬን ቁና ቁና እየተነፈሰ ወጣ። ኮቱ ያረጀ ነው። የተሸከመው ካፖርት ግን አዲስ ነው፤ የኢኖክ።

«እቴ ሄስተር፣» አለኝ፤ «የሆቴል ምግብ ሴናተሩን ሆዱን አመመው። ኮሎምበስ ላይ ቤት ልንከራይ ነው። መጥተሽ ብትይዥልን...»

«ለሁለታችሁ?»

«ሴናተሩ ኬክሽን በጣም ይወዳል።»

«ወጥ ቤት ሠራተኛ ቅጠሩ» አልኩት።

ካፖርቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ሌላ የሚለው ያለ መሰለኝና ጠበቅኩ።

«እርጥብ እንዳይነካው ብሎኛል» አለኝ፤ ካፖርቱን ማለቱ ነው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። የራሱን ኮት አውልቆ ካፖርቱን በእሱ ጠቀለለና በሸሚዝ ወረደ።

ላዝንለት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። በሩን ዘጋሁና ወደ ፒያኖዬ ተመለስኩ።