ጥርሱ ተበልቷል

ጋሽ ፍሬን ሽቅብ የማያይ ሰው ነው። ኩራት አይደለም፣ የአንገት ሕመምም አይደለም፤ ሥራው ነው። በገበያ አዳራሹ የመጨረሻ ፎቅ ላይ፣ ጣራ ሥር የሚሮጥ የመዝናኛ ባቡር አለ፣ ሰዉ ሮለር ኮስተር የሚለው። እሱን ሲጠግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኑ ከሐዲዱ ተነሥቶ አያውቅም። ጎማ፣ ብሎን፣ ሰንሰለት፣ ፍሬን። ላገኘው ሁሉ «ፍሬን ከሌለ ፍሬ የለም» እያለ ሲሰብክ ትኬት ቆራጯ ሰማችና ጋሽ ፍሬን አለችው፤ በዚያው ተጣበቀበት። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው።

ባቡሩ ታዲያ፣ እውነቱን እንናገር፣ ጤነኛ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ተሳፋሪ እንኳ ጣቱን አልተጫረም። ሽቅብ ያየ ሰው ግን ጉድ ያያል። ቦታው «የዘንዶው ዋሻ» ይባላል። ዋሻ ለማስመሰል ከተሰቀሉት አምስት የጨርቅ የሌሊት ወፎች ሦስቱ ወድቀዋል፣ አንዱ በአንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል፣ አምስተኛውን ትኬት ቆራጯ የመስኮቷን መስታወት ትወለውልበታለች። አጽሙ አንድ እጁ ጠፍቶ፣ ተሳፋሪ የጣለውን ኮፍያ ደፍቶ ቆሟል። ዘንዶውማ ተዉት! የመጨረሻው ኩርባ ላይ አሥር ሜትር ሙሉ ተጋድሟል። አንድ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ሌላው ብልጭ ድርግም ሲል ላላፊ አግዳሚው የሚጠቅስ ነው የሚመስለው። መንጋጋው ወርዶ አልገጥም ብሏል። ድሮ የሚያገሳበት ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ «ህእእ… ህእእ…» ይላል፣ ልክ አስም ያለበት ሰውዬ ደረጃ ሲወጣ። ደጃፉ ላይ ደግሞ በትልቁ «ሰው በላ ዘንዶ! ደፋር ብቻ ይግባ!» ተብሎ ተጽፏል። ይህን አይቶ የሚደነግጥ ቢኖር የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ነው።

ጭራ የሚባል ነገርም የለውም። የነገሩ ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ዘንዶውን ከሽቦ፣ ከወረቀትና ከጀሶ የሠራችው እታለም ናት፣ የጋሽ ፍሬን ታላቅ እህት፣ ስመ ጥሩዋ ሰሌዳ ጻፊ። ድሮ በየሳምንቱ እየመጣች ትቀባው፣ ትለጥፈው፣ አቧራውን ታራግፍለት ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ጋሽ ፍሬን ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ፣ ባቡሩ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው የዘንዶው ጭራ ሊመታው እንደሚችል አገኘ። ልክ ነበር። መጋዙን አነሣና ጭራውን ከሥሩ ገነደሰው። ሳይጠይቃት! በማግሥቱ መጣች፣ አየች፣ ቀለሟን ሰበሰበች። «ጭራውን አይደለም የቆረጥከው፤ እኔን ነው» አለችው። ሰው በዚህ ጊዜ ይቅርታ ይላል። እሱ «ልኬቱን ላሳይሽ?» አላት። አይ ጋሽ ፍሬን! ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነከሰችበት፤ ዘንዶውም ጠያቂ አጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከርሞ፣ አንድ ሰኞ ጧት አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ፎቁን ዞራ አየችና ጠራችው።

«ጋሽ ፍሬን፣ ባቡርዎ አርጅቷል።»

«ፍሬኑን አይተውታል?»

«ፍሬን ለማየት የሚሳፈር ሰው የለም» አለችው። «ቅዳሜ እኔው ራሴ እሳፈራለሁ። ወርዶ ተመልሶ የሚሰለፍ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ካየሁ ይቀጥላል። ካላየሁ በሳምንቱ ይፈርሳል፤ ቦታው የሶፋ መጋዘን ይሆናል።»

ጋሽ ፍሬን ወደ ባቡሩ ተመለሰና በስንት ዘመኑ ሽቅብ አየ። ዘንዶው «ህእእ» አለው። ይህን ባቡር ከልጆቹ እኩል ይወደዋል፤ ሶፋ እንዲከመርበት አይፈልግም። ብሎን ማጥበቅ ያውቃል፤ ዘንዶ ማከም ግን አያውቅም። የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ምን ያድርግ፣ እግሩን እየጎተተ ሄደ።

እታለም ሱቋ ውስጥ የጸጉር ቤት ሰሌዳ እየጻፈች ነበር። ስታየው ፊቷን ወደ ቀለሙ ቆርቆሮ አዞረች።

«አንቺ ቆርቆሮ፣ ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠይቂልኝ እስቲ።»

«እታለም፣ ሊያፈርሱት ነው።»

ብሩሿ አየር ላይ ቀረ። «ቆርቆሮ፣ ዘንዶውን ነው የሚለው?»

«ዘንዶውንም፣ ባቡሩንም፣ እኔንም።»

«ለመጨረሻው አላለቅስም በዪው። ለዘንዶው ስል እመጣለሁ። ከጧቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት እኔ እሠራለሁ፤ እሱ ከአራት በኋላ ይግባ። ዓይኔ ዓይኑን እንዳያይ! የሚፈልገውንም በዚያ በመዝገቡ ይጻፍ።»

መዝገቡን ማን የማያውቅ አለ! አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ ቅባት የጠጣ ደብተር ነው። አራት ዓምድ አለው፤ ጉድለቱ፣ ሥራው፣ የሠራው፣ የተረከበው። ጋሽ ፍሬን አንዲት ብሎን ቢያጠብቅ እንኳ ሌላ ሰው አይቶ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ካልፈረመበት እንቅልፍ አይወስደውም። «ያልተረከቡት ሥራ ያልሠሩት ሥራ ነው» ይላል። ትኬት ቆራጯ ስትፈርም ስትፈርም እጇ ዝሏል።

ሰኞውኑ «የወፎቹ ክንፍ ይሰፋ» ብሎ ጻፈ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲገባ አምስቱም ወፎች በቦታቸው ተሰቅለዋል፤ የመስኮቱ መወልወያ ሳይቀር ታጥቦ በርሯል። «ሰፍቻለሁ» ይላል የእህቱ እጅ። ማክሰኞ «ቆዳው ይቀባ» አለ፤ ረቡዕ ዘንዶው አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀው። ጋሽ ፍሬን ደስ አለው። ሰው ደስ ሲለው ደግሞ ይቸኩላል። ረቡዕ ማምሻውን፣ ባቡሩን ሽቅብ የሚጎትተው ሰንሰለት የሚዞርበትን ማርሽ ሲያይ አርጅቶ አገኘው። መለዋወጫው እቤቱ ነበር፤ ነገ ይዞ መጥቶ ራሱ ሊቀይረው አሰበና እንዳይረሳ፣ «ቆዳው ይቀባ» ከሚለው ሥር ጫር ጫር አደረገ፦

«ጥርሱ ተበልቷል። ይነቀልና በአዲስ ይተካ። አስቸኳይ!»

እግዜር ያሳያችሁ! መካኒክ «ጥርሱ ተበልቷል» ሲል የማርሽ ጥርስ ማለቱ ነው። ሌላው ፍጥረት ሲሰማው ግን አፍ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ጋሽ ፍሬን አዲሱን ማርሽ ታቅፎ ገባ። አሁን ሽቅብ ማየት ስለ ለመደ ቀና አለ። ማርሹ ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። ዘንዶው አፉ ውስጥ አንድ ጥርስ የለም። ድድ ብቻ! መዝገቡን ገለጠ፦

«ሠላሳ ስምንቱንም ነቅያለሁ። በኔ ዓይን ደህና ነበሩ፤ መቼም አንተ የቆረጥከውን ማን ይመልሳል። ሲነቀሉ ተሰባብረዋል። የአዲሱ ጀሶ እስከ ማክሰኞ አይደርቅም።»

ማክሰኞ! ፈተናው ቅዳሜ ነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ማርሹን እንደታቀፈ ደረጃውን በሩጫ ወርዶ ሱቋ ደረሰ።

«እታለም! ምን ጉድ ነው የሠራሽኝ?»

እሷም ቆርቆሮዋን ረሳች። «ያዘዝከኝን ነዋ!»

«እኔ ያልኩሽ ይህንን ጥርስ ነው!» ብሎ ማርሹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረገው።

እታለም ማርሹን አየችው፤ ዙሪያውን በጣቷ ነካካችው። «ይሄ ነው ጥርስ?»

«ታዲያስ!»

«ታዲያ ማርሽ ብለህ አትጽፍም?»

«መካኒክ ለመካኒክ ምን ማርሽ ያስብለዋል?»

«እኔ ነኝ መካኒክ?»

ተፋጠጡ። ከዚያ የእታለም አፍንጫ መነፋት ጀመረ፤ ይህ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳቅ ሲመጣባት የምታሳየው ነው። «አንተ ጭራውን ቆረጥክ፣ እኔ ጥርሱን ነቀልኩ» አለች። «ምስኪን ዘንዶ፣ ከኛ ቤተሰብ ምን አግኝቶ ይሆን!» ሳቋ ሲያመልጣት እሱንም ይዞት ሄደ። ስድስት ዓመት የታመቀ ሳቅ ነው፤ ቆርቆሮው እንኳ ተገልብጦ ወለሉን ቀይ አደረገው። ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ። ያን ቀን ግን ዘመድ ሆነ።

ጋሽ ፍሬን ዓይኑን ሲጠርግ ቅዳሜ ትዝ አለውና ሳቁ ጠፋ። «እታለም፣ ድዳም ዘንዶ ማንን ያስፈራል? አለቀልኝ።»

እሷ ግን አሰበች። «ጥርስ የሌለው ማለት ሽማግሌ ነው፣ አይደል? ሽማግሌ ከሆነ ምኑ ተበላሸ? ማቃሰቱ የሽማግሌ ነው። መንጋጋው መውደቁም፣ ዓይኑ መርገብገቡም። ይህ ዘንዶ ከጥርሱ በቀር ሁሉም ነገሩ ሲያረጅ ከርሟል፤ ያላረጀው ጥርሱ ብቻ ነበር የሚያሳጣው። ና ተነሥ!»

ዓርብ አብረው ዋሉ። እሱ ማርሹን ሲቀይር እሷ ከሽቦ ትልቅ መነጽር ሠርታ ዘንዶው አፍንጫ ላይ ሰካች፤ ከተረፈው ጨርቅ አንገቱ ላይ ሻል ጣለችለት። አጽሙንም ከዘራ አስያዘችው። ሽቦ ሲያልቅባት የወንድሟን የዕቃ ቁምሳጥን ከፈተች። ከታች፣ የጎማዎቹን ኩሽኔታ ሲወለውል ብቻ በሚያወጣት ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ረጅም ነገር አለ። ፈታችው። ጭራው ነው። አቧራ እንኳ አልነካውም።

«አልጣልከውም?»

ጋሽ ፍሬን ሐዲዱን እያየ መለሰ። «እንዴት ይጣላል? አንቺ የሠራሽው እኮ ነው።»

እታለም በዚያች ነጭ ጨርቅ አፍንጫዋን ተናፈጠች፤ ጨርቋ ማን እንደሆነች እያወቀ ጋሽ ፍሬን ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ጭራውን ከሐዲዱ ሩቅ፣ ሰው የሚሰለፍበት ግድግዳ ላይ ከቀዳዳ የወጣ አስመስለው ሰቀሉት። «እዚህ ይሁን?» ብሎ ጠየቃት። ሁለት ሣንቲ ሜትር አንቀሳቅሶ ደግሞ ጠየቃት። በአራተኛው «በቃ፣ ይሁን አልኩህ!» ብላ ጮኸችበት። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ካለው ሰሌዳ «ደፋር ብቻ ይግባ!» የሚለውን አጥፍታ በቦታው በቀጭን ብሩሽ አንድ መስመር ጻፈች። አሁን «ሰው በላ ዘንዶ! ጥርስ የነበረው ጊዜ» ይላል።

ቅዳሜ ሥራ አስኪያጇ እናቷን አስከትላ መጣች። «እናቴ እዚህ ቁጭ ይላሉ» አለች።

«ለመቀመጥማ ቤቴም ወንበር አለ» አሉና እማማ ፊተኛው ወንበር ላይ ጉብ አሉ። አፋቸው ውስጥ ያለው ጥርስ በሁለት ጣት የሚቆጠር ነው። ጋሽ ፍሬን መቆለፊያ ብረቱን ሁለቴ ፈትሾላቸው፣ ሥራ አስኪያጇንና ሌሎቹንም አሳፍሮ፣ ማስነሻውን ተጫነ። አዲሱ ማርሽ ያለ ኮሽታ ጎተተው። እታለም አጠገቡ ቆማ ክንዱን ቆንጥጣ ይዛለች።

ባቡሩ ወፎቹ ሥር አለፈ። ዝም። አጽሙ ጋ ደረሰ። ዝም። ከኩርባው በኩል «ህእእ… ህእእ…» ተሰማ። ቀጥሎ የእማማ ድምፅ አዳራሹን ሞላው፦

«ውይ እኔን! አያ ዘንዶ፣ አንተም እንደኔ? አይዞህ፣ ሾርባ ጠጣ!»

ባቡሩ ጥርስ በማያስከድን ሳቅ ተሞልቶ መጣና እንደ ሁልጊዜው በልስላሴ ቆመ። የሥራ አስኪያጇ ጸጉር ተበትኗል፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች። እማማ ወረዱ። ልጃቸውን ዞር ብለው አልተመለከቱም፤ በቀጥታ ወደ ሰልፉ ሄዱና ሲያልፉ ጭራውን ጎተት አደረጉት።

«እማዬ፣ ወደ ቤት እኮ ነን።»

«አንቺ ሂጂ። እኔ ወንድሜን ልጠይቀው ነው።»

ከኋላቸው አብረው ከወረዱት አምስት ስድስቱ ተሰለፉ። ሥራ አስኪያጇ ሰልፉን አየች፣ እናቷን አየች፣ ጋሽ ፍሬንን አየች።

«አንድ ሰው ካየሁ ብዬ ነበር» አለች። «እናቴ ሰው አይደሉም ማለት አልችልም። ይቀጥል።» ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ደግሞ ጥርስ እንዳታስገቡለት!»

አዳራሹ ሲዘጋ ጋሽ ፍሬን መዝገቡን ገለጠ። ጉድለቱ በሚለው ሥር «ጭራ ያለ ፈቃድ ተቆርጧል» ብሎ ጻፈ። ሥራው በሚለው ሥር ብዕሩን ቢያነሣው ቢጥለው ቆየና «ይቅርታ ተጠይቋል» አለ። የሠራው በሚለው ላይ ጋሽ ፍሬን ብሎ አልፈረመም፤ እህቱ በልጅነታቸው ስታዝለው የምትጠራበትን ስም ጻፈ። መዝገቡን ገልጦ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

እሑድ እታለም መጥታ የዘንዶውን መነጽር አጥብቃ ሄደች። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው። ሰኞም መጣች፣ አብረው ሳቁ፣ አብረው ምሳ በሉ፤ መዝገቡን ግን አይታ እንዳላየች አለፈችው። ጋሽ ፍሬን አፍ አውጥቶ አይጠይቃት ነገር ያፍራል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ሲገባ ፊርማዋ አለ፦

«ተረክቤያለሁ። ስድስት ዓመት ከሦስት ቀን ዘግይቷል፤ የሦስቱ ቀን የኔ ነው።»