የመቻራ መንገድ አቧራ

አብዱናስር ከመቻራ ወደ ጭሮ ሆስፒታል ነፍሰ ጡሮችን የሚያመላልስ የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። አንድ የበጋ ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሊቆም ደረሰ። ወርዶ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮ ሲያወጣው፣ በቅርቡ የተቀየረው የማጣሪያ ወረቀት በቀይ አቧራ ተደፍኗል።

«ጣለውና ያለሱ ንዳ!» አለችው ሴትየዋን ይዛ አብራው የምትጓዘው አዋላጅ ኮከቤ።

«አቧራው ሞተሩን ይበላዋል። ነገ ለምትመጣው እናት በምን እደርሳለሁ?»

ፊልትሮውን ጎማው ላይ እየመታ አራገፈና መልሶ ገጠመው። ሴትየዋ ጭሮ ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

አብዱናስር ግን ነገሩን አልተወውም። መጀመሪያ ኮከቤ የሰጠችውን ሻሽ ከወረቀቱ ፊት አሰረ፤ ሻሹ አቧራውን አሳለፈው። ወፍራም ጨርቅ ሲሞክር ደግሞ ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው። ባልደረቦቹ «ይብቃህ» ቢሉትም አልሰማም። በመጨረሻ አቧራው እንዲጣበቅበት ስስ ስፖንጅ በዘይት ነክሮ፣ አጥብቆ ጨምቆ አሰረ። በዚያው መንገድ ደርሶ ሲመለስ ስፖንጁ በአቧራ ቀልቷል፤ ከኋላው ያለው ወረቀት ግን ንጹሕ ነበር።

«ኮከቤ፣ ነይ እዪው!» ብሎ ተጣራ።

ወረቀቱን በጣቷ ነካችና ሳቀች። «ስፖንጁን ሁልጊዜ ልታጥበው ነው?»

«ከየጉዞው በኋላ፣ ኢንሻአላህ» አለና ሳሙና ፍለጋ ሄደ።