አውርዱት

በያጁ ወንድሟ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ፊቷ ቆሟል። በእሳት ፍንጣሪ በጠነከረ አውራ ጣቱ ገጹን ለሦስተኛ ጊዜ ነካው። ያው ጽሑፍ መጣ፤ ይህ ፋይል የለም፣ የማቆያ ጊዜው አልቋል።

«ኔትወርኩ ነው» አለ።

«አምጣ እስቲ» አለች እናትየው።

ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው። ስለ ኔትወርክ የሚል ነገር የለበትም።

ልጇ ሚጡ ከተቀበረች ስምንተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ በኪራይ ወንበር እንደተሞላ ነው፤ ግን ግማሹ ባዶ ነው፣ ሰው መመናመን ጀምሯል። ወንድሟም ይህን ጠብቆ ነው ዛሬ ወደ ጓዳ ጠርቶ የነገራት። የሚጡ ድምፅ አለ፣ አርባ ደቂቃ ይሆናል፣ የሥራ ባልደረባዋ በቀብሩ ዕለት ነው የላከው፣ አንቺ እስክትረጋጊ ብዬ ይዤው ነው፣ አላት።

ሚጡ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበረች። ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ ዐሥራ አንድ ዓመት ተናገረች። እናቷ ደግሞ ዐሥራ አንዱንም ዓመት ፈራችላት። አውቶቡስ ሲዞር ቢገጭሽ፣ የክፍሉ ሽቦ ቢቃጠል፣ ደረጃው ላይ ብትወድቂ። ልጅቷ ትስቅባት ነበር። «እማ፣ አንቺ እኮ ሰማይ ሲያጉረመርም ከል ትለብሻለሽ» ትላት ነበር።

ስለዚህ ሚጡ ስትታመም ከእናትየው ደበቁ። አምስት ወር ሙሉ ሥራ በዝቶባት ነው አሉ። ሚጡ ራሷ ለእማ እንዳትነግሯት ብላ ነበር፣ በያጁ አጎቷም እሺ ብሏል። ሁልጊዜ መጥፎውን ስትጠብቅ የኖረችው ሴት፣ መጥፎው ሲመጣ የመጨረሻዋ ሰሚ ሆነች። ስትሰማ ለልጅቷ ሦስት ሳምንት ዕድሜ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ድምፁን ለላከው ለመናኸሪያው የድምፅ ባለሙያ እናትየው ራሷ ደወለች። ሰውየው ቀስ እያለ አስረዳት። አሮጌው ኮምፒዩተር ሊቀየር ስለሆነ በውስጡ ያለውን አጥፍተህ አስረክብ ተብሎ ነበር። ከማጥፋቱ በፊት የሚጡን ቅጂዎች ሰበሰበ፤ የተሳሳተችባቸውንም፣ ደግማ የጀመረቻቸውንም። በመልእክት ለመላክ ስለከበደው ምዝገባም ክፍያም ከማይጠይቅ ድረ ገጽ ላይ አስቀመጠው። እዚያ የተቀመጠ ነገር በሰባት ቀን በራሱ ይጠፋል። ለዚህ ነው ከሊንኩ ሥር «ሳይቆይ አውርዱት» ብሎ የጻፈው።

«ወንድምዎም ደርሶናል፣ እናመሰግናለን ብለው መለሱልኝ» አለ። «እኔ ደግሞ ከደረሳቸው ብዬ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አስረከብኩ። እናቴ፣ ቅጂ የለኝም።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ወንድሟ ዞረች። አውርዱት ሲልህ ምን መሰለህ፣ አለችው።

«እኔ ማውረድ የማውቀው ብረት ከመኪና ነው» አለ በያጁ። ሊንኩ እሱ ጋ ካለ ነገሩም ያለ መስሎታል። እንዲያውም ስልኩ ቢሰረቅ ብሎ ወረቀት ላይ ገልብጦታል። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አሳያት። ፊደሉም ቁጥሩም አንድ ሳይጎድል በእርሳስ ተለቅሞ ተጽፏል። ቤቱ ፈርሶ ቁልፉን የሚጠብቅ ዘበኛ ይመስል ነበር።

ከበሩ ወዲያ አንዲት ጎረቤት አጠገቧ ላለችው ስታንሾካሹክ ተሰማ። እንኳን ጠፋ፣ የእሷ ልብ አይችለውም፣ አለች።

እናትየው በሩን ከፈተችው።

«ልቤን ማን ለካው?» አለች። ሻይ የያዙት ሁሉ ቀና አሉ። «ስትታመም አይችልም አላችሁ። አፈር ሲያለብሷት ቆሜ አየሁ፣ ይኸው ቻለ። ለእሷ አዝነን ነው ትላላችሁ። እኔ ሳለቅስ ማየት ስለከበዳችሁ ነው እንጂ።»

አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። እሷ ተመልሳ ገባች።

«አንተስ ሰምተኸዋል?» አለችው ወንድሟን።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ደግማ ጠየቀችው።

«አራት ጊዜ» አለ። «ብየዳ ቤቱን ዘግቼ።»

ይኸኛው ከሁሉም ባሰ። ልጇ ለእሱ አራት ጊዜ ተናግራለች፣ ለእናቷ አንድም። ልትመታው እጇን አነሳች። ከዚያ አወረደችውና እግሯ ሥር ያለውን በርጩማ ወደ እሱ ገፋችለት፤ ራሷ ከበሩ ጥግ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቁጭ በል። ከመጀመሪያው ንገረኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘል።»

በያጁ ተቀመጠ። ወደ ምሥራቅ የምትጓዙ መንገደኞች ከበር አራት፣ ብሎ ጀመረ። እንዲህ ተቻኩላ አትናገርም አለችው። ቀስ አለ። ሰባተኛውን በር ስድስተኛ ብላ ይቅርታ እንደጠየቀች፣ ውሃ ጠጥታ ጉሮሮዋን እንደጠረገች ነገራት። ጉንፋን ይዟት ነበር ማለት ነው አለች እናትየው። አንድ ቦታ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ቀጥል።»

«ስልክ ይጮሃል» አለ። «ማይኩን ያጠፋች መስሏታል። ለባለሙያው ‹እናቴ ናት፣ አንሳልኝ። አለች በላት፣ አልሞተችም በላት› ትለዋለች።» አንገቱን ደፋ። «ይህንን ነው ላሰማሽ ያቃተኝ፣ እትዬ።»

እናትየው የነጠላዋን ጫፍ እጇ ላይ ጠቀለለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀች።»

«እንዴት አድርጋ?»

በያጁ አፉን ከፈተ። የወጣው ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ፣ የሃምሳ ዓመት ሰው ሳል የመሰለ ነገር ነው። ሳሎን ያሉት ሰሙት። አንዱ ሊያጽናና ተነስቶ ወደ ጓዳው መጣ። እናትየው ከተቀመጠችበት ሳትነሳ እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችበት።

«እንደሱ አይደለም» አለች ለወንድሟ። «እንደገና።»