ስድስት የልብስ መቆንጠጫ

የካንሳስ የሐምሌ ሙቀት ቀልድ አያውቅም። አልቪና እርጥብ ጨርቅ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በአውራጃው ትርኢት ሜዳ ከተሰለፉት አሮጌ መኪኖች መካከል የራሷን ፈልጋ አገኘች። የራሷ ማለት፣ እስካለፈው ዓመት የራሷ የነበረችውን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራችው ባለ ሁለት በር ዛሬ እንደ ሙሽራ ተኳኩላለች። የሟች ባሏ የኤሜት የወንድም ልጅ ዱዌይን፣ "አክስቴ፣ እኔ አድሳታለሁ፤ ስምሽንም ፊቷ ላይ አስጽፍልሻለሁ" ብሎ ነበር የወሰዳት። አልቪናም በጎረቤት ጭነት መኪና ተንገጫግጫ የመጣችው ያንን ስም ለማየት ነው።

መኪናዋ ፊት ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። አልቪና ማንበብ አትችልም፤ አልችልም ብላም አታውቅም።

"መነጽሬን ረሳሁት" አለችው አጠገቡ ታጣፊ ወንበር ላይ የተዘረጋውን ሎይድን፣ ቀጥላ የተሰለፈችውን አሮጌ መኪና ባለቤት። "ምን ይላል?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ይህን መነጽር ስትረሺው ሠላሳ ዓመትሽ።"

"አንብብልኝ አልኩህ እንጂ ዓመት ቁጠርልኝ አልኩህ?"

ሎይድ ጉሮሮውን ጠረገ። "'አሮጌ ጎተራ ውስጥ ተጥላ፣ ዶሮ ሲፈለፈልባት የተገኘች። ዱዌይን አደሳት' ይላል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ተጥላ ያልተገኘች መኪና ማን ዞር ብሎ ያያታል?"

ተጥላ! ኤሜት ከሞተ በኋላ፣ ዱዌይን እስኪወስዳት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው አስነስታታለች። የሞተሯን ቫልቮች በገዛ እጇ ሞርዳለች። ዶሮማ በዕድሜዋ አርብታ አታውቅም።

ሦስት ዳኞች ደረሱ። ዱዌይንም ተከትሏቸው መጣ፤ መኪናዋን ሜዳውን አዙሮ ካቆማት ብዙ አልቆየም፣ ሞተሯ ገና ትኩስ ነው። "እስቲ አስነሳት" አሉት። ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ፤ መኪናዋ ግን አልተነሳችም። ደገመ፤ እምቢ። አልቪና በተከፈተው ኮፈኖ አንገቷን አሰገገች። የቤንዚኑ ቱቦ ራቁቱን ነው።

"መቆንጠጫዎቼስ?"

"የምን መቆንጠጫ?"

"ስድስቱ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫዎች! ቤንዚኑ በሙቀት ቱቦው ውስጥ እንዳይተን ኤሜት ያደረጋቸው!"

"አክስቴ፣ ፋብሪካ ያላደረገው ነገር ከተገኘ ነጥብ ይቀንሳሉ። ጣልኳቸው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በናትሽ፣ ምን ላድርግ?"

መድኃኒቱ አንገቷ ላይ ነበር። እርጥብ ጨርቅ የቤንዚኑ ፓምፕ ላይ ጣል አድርጎ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ መጠበቅ፤ ይኸው ነው። ጨርቁን ፈታች።

"መጀመሪያ ሰሌዳው ውሸት መሆኑን ለነዚህ ሰዎች ንገራቸው። ማን እንዳቆያትም ንገራቸው።"

ዱዌይን ሰሌዳውን አየ፤ ዳኞቹን አየ። ከዚያ ሳቅ አለ። "ይቅርታ፣ አክስቴን ሙቀቱ አዞራት መሰለኝ።"

"ጥላ ስር አስቀምጧት እንጂ" አለ አንዱ ዳኛ፣ ከልቡ አዝኖ።

አልቪና ጨርቁን መልሳ ጠመጠመች።

"እውነትህን ነው" አለችው ዱዌይንን። "ተጥላ የተገኘችን መኪና እኔ ከየት አውቃታለሁ?"

ሄደች። ከኋላዋ ሞተሪኖው ያቃስታል፣ እንደገና ያቃስታል፤ ባትሪው እየደከመ መሆኑን ከድምፁ ታውቃለች። በእያንዳንዱ ጩኸት ጥርሷን ነከሰች። አንድ ጊዜ እግሯ ቀጥ አለ። ቢሆንም አልዞረችም። ዳኞቹ ወደ ሎይድ መኪና ሲያልፉ ድምፁ ቆመ።

ያመጣት የጎረቤቷ ጭነት መኪና ጋ ስትደርስ ጨርቁ ደርቆ ነበር።