በልብስ ሰፊዋ ሜትር

ዝናብም ቀን ይመርጣል ልበል? ዓመቱን ሙሉ ደህና ሲሠራ የከረመ የሚኒባስ መስታወት መጥረጊያ፣ ልክ ሹፌሩ ልጁን ሊያስመርቅ በሚሄድበት ጠዋት ሁለቴ ተንፈራግጦ ድርቅ አለ።

ይሄ ሹፌር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ሴት ልጁን አባትም እናትም ሆኖ ነው ያሳደጋት። ዛሬ በነርስነት ትመረቃለች። ፈቃድ ቢጠይቅ አለቃው «ተሳፋሪውን ማን ይወስድልሃል?» ስላለው፣ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ከረባቱን አስሮ ሚኒባሱን ይዞ ወጣ። የምርቃቱ አዳራሽ ተሳፋሪ ከሚያራግፍበት መናኸሪያ ፊት ለፊት ነው፤ ምርቃቱ አራት ሰዓት። «አባዬ፣ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም፣ እንዳትቀርብኝ» ብላዋለች። «እየዳኽኩም ቢሆን እመጣለሁ» ብሏታል።

ዳር ይዞ ቆመና ወረደ። የመጥረጊያው ሞተር ተቃጥሏል። ሲመለስ ያ ሙሉ ልብስ ገላው ላይ ተጣብቋል። መሪው ላይ ተደፍቶ «ልጄን ጉድ ሠራኋት!» አለ፤ ከዚያም ሳያፍር ለተሳፋሪው ሁሉንም ዘረገፈው።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ሊያስለቅሰን ነው!» አለች ጋቢና የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ። «ቀና በል፣ መላ አይጠፋም!»

ድንች በዘንቢል የያዙ አንዲት እናት አንዱን ለሁለት ገምሰው ሰጡት። «መስታወቱን እሽበት። ባለቤቴ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት።» አሸው። ውሃው እየተንሸራተተ ወረደ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ምን ያደርጋል! ሁለት መታጠፊያ ሳያልፉ መንገዱ ተመልሶ ጠፋ። «ቀቅለን ብንበላው ይሻለን ነበር» አሉ እናትየዋ ራሳቸው፣ ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ።

ሹፌሩ ግን አሁን ወኔው መጥቷል። ዳግመኛ ወርዶ መጥረጊያውን ከተቃጠለው ሞተር አላቀቀውና በእጁ ገፋ ቢያደርገው እሺ አለው። «ገመድ! በመስኮት እየሳባችሁ ታስኬዱልኛላችሁ!» ብሎ ጮኸ። ገመድ ከየት ይምጣ? የጫማ ማሰሪያ ቀጣጥለው አሰሩለት፤ ገና ሦስቴ ሲስቡት ተበጠሰ። ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ሁለት የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣች። «አዲሱን ብትበጥሱት ግን ወዮላችሁ!» አለች፣ እየሳሳች።

ሁለቱንም ሜትር መጥረጊያው ላይ አስረው፣ የአንዱን ጫፍ በቀኝ መስኮት ለእሷ ሰጧት፤ የሌላውን በግራ በኩል ከሹፌሩ ጀርባ ለተቀመጡት ጡረተኛ መምህር። ሁለቱም እኩል ቢስቡ መጥረጊያው መሐል ላይ ተገትሮ ቀረ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአገር ሰው ሲተርት፣ ድር ቢያብር...»

«ጋሼ፣ ተረቱን ይተዉትና ተራ በተራ እንሳብ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከኋላ ያሉት «ቀኝ! ግራ!» እያሉ ያዜሙላቸው ጀመር። ክንዱ የዛለ ለሌላው ያስረክባል። እናትየዋ ሳይቀሩ «እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ ክንድ ያላችሁ?» ብለው ተቀየሙና ተራ ወሰዱ። በተከፈተው መስኮት የሚገባው ዝናብ ሁሉንም አበሰበሳቸው፤ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት! ሹፌሩ እያዘገመ ይነዳል፣ እንባው እየወረደ ይስቃል። እንዲህ ደስ ያለው መቼ እንደሆነ ራሱም አያስታውስም።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ። «እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ሊሮጥ ሲል መምህሩ ክንዱን ያዙት።

«ወዴት ወዴት? ይሄን ሁሉ ስበን ልጅቷን ሳናያት ልንቀር ነው?»

አዳራሹ ውስጥ የኋላ ረድፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። የመድረክ መሪው ተመራቂዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ «ቤተሰብ ይነሳልን!» ይላል። የሹፌሩ ልጅ ተጠራች። አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ አባቷ ቀርቶባት እንዳይሆን ፈርታ ወደ ሕዝቡ ለማየት አልደፈረችም።

«ቤተሰብ ይነሳልን!»

ሹፌሩ ብድግ አለ። ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። መምህሩ ተነሱ። እናትየዋ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ተነሱ። ረድፉ በሙሉ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የበሰበሰ አሥራ አንድ ሰው፣ ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ።

ልጅቷ ቀና አለች። አባቷን አየች፤ ከዚያ ግራና ቀኙ የቆሙትን፣ በሕይወቷ አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች አየች። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«ይሄ ሁሉ የእሷ ቤተሰብ ነው?» አለ የመድረክ መሪው፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

«ነው እንጂ!» አለ ሹፌሩ፣ አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ። «ሁለቱ ሥራ ረፍዶባቸው ሄዱ እንጂ አሥራ ሦስት ነበርን!»